ከሰል፣ ሺሻ፣ ቬፕ፦ ሳንባችን ውስጥ ምን እየተፈጠረ ነው?

አዳማ ውስጥ አንድ ሰው ሳል አልለቅ ሲለው መጀመሪያ «ታጨሳለህ እንዴ?» ይባላል። አላጨስም ካለ ደግሞ «እንግዲያውስ ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዝንጅብል በማር ይጠጣል፤ ከፋርማሲ የሳል ሽሮፕ ይገዛል። ሳሉ ግን ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይከርማል።

ከእነዚህ ሁለት መልሶች ውጭ የሚቀር ብዙ ሰው አለ። ሲጋራ ከአፏ ደርሶ የማያውቅ፣ ግን ዕድሜዋን በሙሉ እሳት ዳር ያሳለፈች እናት አለች። ቀኑን ሙሉ ከሲኖ ኋላ እየተከተለ ጭስ የሚቀበል የባጃጅ ሹፌር አለ። «ይሄ እኮ እንፋሎት ነው» እያለ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) የሚስብ ወጣትም አለ። የሦስቱም ሳንባ የሚገባበትን ነገር የሚያስተናግደው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ስለዚህ ስለ ጭስ ስናወራ ወሬውን ለአጫሾች ብቻ መተው ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። በማገዶና በከሰል የሚያበስለው ግን አብዛኛው ቤተሰብ ነው።

ማለዳ በዋናው የጅቡቲ መንገድ ዳር የጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ሥራ ስትጀምር አይታችኋል? ከሰሉን ምድጃው ላይ ትደረድራለች። ከሥሩ ፌስታል ወይም የካርቶን ቁራጭ ትወትፋለች። ክብሪት ትጭራለች። ፌስታሉ እየቀለጠ ጥቁር ጭስ ይተፋል። እሷ ጎንበስ ብላ በካርቶን ታርገበግባለች፤ እምቢ ሲላት በአፏ እፍ ትላለች። እፍ ለማለት ደግሞ መጀመሪያ ወደ ውስጥ መሳብ ግድ ነው፤ የምትስበውም እዚያው ምድጃው ላይ ያለውን አየር ነው። ፊቷ ከእሳቱ አንድ ክንድ አይርቅም። አንዳንዷ ልጇን አዝላለች። ከሰሉ ሲፍም ጭሱ ይጠፋል፣ እጣን ይጨመርበታል፣ ደንበኛ መምጣት ይጀምራል። ከጀርባዋ በጅቡቲና በሞጆ ደረቅ ወደብ መካከል የሚመላለሱት ቦቴዎችና ተሳቢዎች ያልፋሉ። የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያረጋገጠው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ይህች ሴት እስከ ማታ እዚያው ናት።

እስቲ የሳበችውን ጭስ ወደ ውስጥ እንከተለው።

አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ይስባል። አየሩ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው በመቶ ሚሊዮኖች ወደሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ነው። ከረጢቶቹ ተዘርግተው ቢነጠፉ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው በዚያ ስስ ግድግዳ በኩል ነው። በዚያው በር ሌላም ነገር ይገባል። ቤልጂየም ውስጥ በሃሰልት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. የእንግዴ ልጅን ሲመረምሩ በፅንሱ በኩል ባለው ክፍል ላይ ጥቀርሻ አግኝተዋል። እናትየው የሳበችው ጥቀርሻ ሳንባዋን አልፎ፣ በደሟ ተጉዞ፣ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው።

ሳንባ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ትላልቁን ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል። ወደ ታች ያለፈውን ቱቦዎቹን የሚሸፍነው አክታ ያጠምደዋል። ከአክታው ሥር ሲሊያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። ነፋስ እንደመታው የጤፍ ማሳ በአንድ አቅጣጫ እየተወዛወዙ አክታውን ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ጭስ ቶሎ የሚጎዳው እነዚህን ነው። መጀመሪያ ይደነዝዛሉ። ሲደጋገምባቸው ያጥራሉ፣ ይረግፋሉ። ያኔ አክታው ገፊ ያጣል፤ ያለው መውጫ ሳል ብቻ ይሆናል። አጫሽን ጠዋት ጠዋት የሚያጣድፈው ሳል ይኸው ነው። እሳት ዳር የምትውለዋን ሴት የሚያጣድፋትም ይኸው ነው።

ከ2.5 ማይክሮን ያነሰው ብናኝ ግን ይህን ሁሉ ያልፋል። የአንድ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ መጠኑን ከዚያ ገምቱ። እንዲህ ያለው ብናኝ ሲሊያ ወደሌሉበት ወደ አየር ከረጢቶቹ ይዘልቃል። እዚያ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሕዋሳት ይጠብቁታል። ሥራቸው የገባውን ባዕድ ነገር መዋጥና መፍጨት ነው። ጀርም ይፈጫሉ። ጥቀርሻን ግን መፍጨት አይችሉም። ሲበዛባቸው የድረሱልኝ ምልክት ይልካሉ፤ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም እየወጡ ይመጣሉ። እነዚህ ደግሞ ይዘውት የሚመጡት መሣሪያ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ኢላስቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። አየር ስናስገባ ተለጥጦ ስናስወጣ የሚመለሰውን የሳንባ ክር ይበላል።

ይህ እንዴት ታወቀ? በ1963 እ.ኤ.አ. ሎረልና ኤሪክሰን የተባሉ ሁለት የስዊድን ሐኪሞች የደም ምርመራ ውጤቶችን ሲያዩ ከአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ አንድ ፕሮቲን ጎድሎ አገኙ። ኢላስቴዝን ልጓም የሚያስገባው ፕሮቲን ነበር። ከእነዚያ ሰዎች በርካቶቹ ገና በወጣትነታቸው የአየር ከረጢቶቻቸው ፈራርሰው ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ስለዚህ ሳንባን የሚያፈርሰው ጭሱ ራሱ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። ጭሱ የሚቀሰቅሰው የገዛ ሰውነታችን ምላሽም ያፈርሰዋል። ይህ ነጥብ ብዙ ነገር ያስረዳል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ማታ አልጋ ላይ ሆነንም ጉዳቱ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል ጭስ ስበው አንዱ ብቻ የሚታመመውም በከፊል ለዚህ ነው።

ካንሰሩም ቢሆን ከዚሁ ምላሽ ጋር ይያያዛል። የትምባሆ ጭስ የሕዋስን ዲኤንኤ በቀጥታ ይጎዳል፤ ይህ የቆየ እውቀት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ግን ለንደን ያለው የፍራንሲስ ክሪክ ተቋም ቡድን ሌላ መንገድ አሳየ። አንዳንድ የሳንባ ሕዋሳት በዕድሜ ምክንያት ብቻ የካንሰር ለውጥ ይዘው፣ ግን ተኝተው ይኖራሉ። ደቃቅ ብናኝ ሲገባ ማክሮፌጆች ቁጣ የሚቀሰቅስ መልእክት ይረጫሉ። ያ መልእክት የተኛውን ሕዋስ ይቀሰቅሰዋል። አጭሰው የማያውቁ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ለምን እንደሚይዛቸው ከሚያስረዱት ግኝቶች ይህ አንዱ ነው።

የማይታየው ጋዝ

ከሰሉ ፍም ሲሆን ጭሱ ስለሚጠፋ ሁላችንም እፎይ እንላለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን የሚወጣው በዚያን ጊዜም ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። በዝናብ ጊዜ ከሰል ወደ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ መተኛት ሰው የሚገድለው በዚህ ምክንያት ነው። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ሲገባ ደግሞ ራስ ምታትና ድካም ያመጣል። አዳማ ላይ ይህን «ፀሐይ መታኝ» ብለን እናልፈዋለን።

ሺሻም ላይ ያለው ይኸው ከሰል ነው። ጭሱ በውሃ ስለሚያልፍ የታጠበ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ አይጠርገውም። እንዲያውም ስለቀዘቀዘና ጉሮሮ ስለማይከረክር ሰው በረጅሙ ይስበዋል፣ ወደ ውስጥም ያስገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አንድ ሰዓት ያህል ሺሻ የሚስብ ሰው የሚያስገባው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በተዘጋ ክፍል፣ ጫት ተይዞ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲሆን ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት። የማይስበው፣ ከሰል የሚያቀብለው ልጅም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚውለው።

«እንፋሎት ብቻ ነው»

ወደ ቬፕ እንምጣ። እዚህ ላይ ለነገሩ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። ቬፕ የሚቃጠል ትምባሆ የለውም። ስለዚህ ሬንጅ የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም እዚህ ግባ አይባልም። ለብዙ ዓመታት ያጨሰ ሰው ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ትቶ ወደ ቬፕ ቢዞር የሚያስገባው መርዝ ይቀንሳል። በጥናት የተደገፈ ነገር ስለሆነ መካድ አይገባም። አዳማ ውስጥ ቬፕ ይዘው የማያቸው ግን አብዛኞቹ አጭሰው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ለእነሱ ንጽጽሩ ከንጹሕ አየር ጋር ነው።

እንፋሎት የሚለው ስምም ያዘናጋል። የሚታየው ደመና የውሃ ተን አይደለም። ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የተባሉ ወፍራም ፈሳሾች በጋለ ሽቦ ተነው፣ እንደገና ወደ ጥቃቅን ጠብታ ተለውጠው ነው። ፈሳሾቹ ከመጠን በላይ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ይወጣቸዋል። ከሽቦው ደግሞ ኒኬል፣ ክሮሚየምና እርሳስ ይቀላቀላሉ።

በዚህ ረገድ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሂውስተን ያለው የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአይጦች ጥናት ነው። አይጦቹ ለ4 ወራት በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የሲጋራ ጭስ፣ አንዱ ኒኮቲን ያለበት ቬፕ፣ አንዱ ኒኮቲን የሌለበት ቬፕ፣ አንዱ ንጹሕ አየር ይስብ ነበር። ሲጋራ የሳቡት ሳንባቸው ፈረሰ፤ ይህ የተጠበቀ ነው። ቬፕ የሳቡት አልፈረሰባቸውም። ሆኖም ማክሮፌጆቻቸው በስብ ተሞልተው ተገኙ። ስቡ የመጣው ከቬፑ ፈሳሽ አልነበረም። የአየር ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚሸፍናቸው የራሱ የሳንባው ቅባት ነበር፤ ሥርዓቱ ተዛብቶ ነው። ኒኮቲን ያልነበረበት ቡድንም ከዚህ አላመለጠም። ከዚያ አይጦቹ ኢንፍሉዌንዛ እንዲይዛቸው ሲደረግ ቬፕ የሳቡት ክፉኛ ታመሙ። የጎበዝ ወጣት ሳንባ ቬፕ እየሳበ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ጉንፋን ሲመጣ ነው የሚታየው። አይጥ ሰው አይደለም፤ ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ ወጣቶች በድንገት መተንፈስ እያቃታቸው ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው ተመዘገቡ፤ 68ቱ ሞተዋል። ከ51 ታማሚዎች ሳንባ በተወሰደ ፈሳሽ ላይ ምርመራ ሲደረግ በ48ቱ ላይ ቫይታሚን ኢ አሴቴት የሚባል ዘይት ተገኘ። አብዛኞቹ የካናቢስ ንጥረ ነገር ያለበት፣ ከየመንገዱ የተገዛ ቬፕ የተጠቀሙ ናቸው። ነጋዴው ፈሳሹን ለማወፈር የጨመረው ዘይት ነበር። ቫይታሚን ኢ በምግብ ቢገባ ችግር የለውም፤ ቆዳ ላይም ይቀባል። ሳንባ ግን የሆድ ሥራ አይሠራም። የቬፕ ጣዕሞችም ነገር እንደዚያው ነው። ዳይአሴቲል የተባለው የቅቤ ጣዕም ሲበላ ጉዳት የለውም። በ2000 እ.ኤ.አ. ግን ሚዙሪ ውስጥ ፈንዲሻ የሚያመርቱ ሠራተኞች በትንፋሽ ስለሳቡት ትንንሾቹ የሳንባ ቱቦዎቻቸው ጠባሳ ሠርተው መዘጋታቸው ታወቀ። ጠባሳው አይመለስም። በ2015 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ 51 የቬፕ ጣዕሞችን መርምሮ በ39ኙ ላይ ዳይአሴቲል አግኝቷል።

እኛ አገር ሕጉ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻንም፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም፣ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆንም ከልክሏል። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥም እንዲሁ። ሆኖም የተከለከለ ነገር ተደብቆ ሲሸጥ ውስጡ ምን እንዳለ የሚፈትሽ የለም። አሜሪካ ውስጥ ሰዎቹን የገደለውም በአብዛኛው ያልተፈተሸ ዕቃ ነበር። ክልከላው ትክክል ነው ባይ ነኝ። ልጆቹ ጋ የሚደርስ ማስተማር ግን አብሮት ካልሄደ ግማሽ ሥራ ነው።

መቀነስ ለምን አይበቃም?

አሁን ከሁሉ ይልቅ ሊነገር ይገባል ብዬ ወደማስበው ነገር ደርሰናል። ሁላችንም «ቀንሻለሁ» የሚለው ቃል ያጽናናናል። አጫሹ ከ20 ወደ 5 ወርዷል። ቤት ውስጥ ከማገዶ ወደ ከሰል፣ ከተራ ምድጃ ወደ ላቀች ተቀይሯል። እነዚህ ከንቱ አይደሉም፤ ማገዶም ገንዘብም ይቆጥባሉ። ምርምሩ ግን እዚህ ላይ ተስፋችንን ደጋግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ቸልሶበታል።

የመጀመሪያው ጓቲማላ ላይ ነው። ኪርክ ስሚዝ የተባሉት ሳይንቲስት የመሩት ቡድን ለአንዳንድ ቤቶች ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሰጠ። ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሕፃናቱ የሚስቡት ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ቀነሰ። የሳንባ ምች ግን በአጠቃላይ ሲታይ አስተማማኝ በሆነ መጠን አልቀነሰም። የቀነሰው ከባዱ ዓይነት ነው፤ እሱም በሲሶ ያህል። ቀጥሎ ማላዊ ላይ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ተደረገ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት የተሻለው ምድጃ በሳንባ ምች ላይ ለውጥ አላመጣም አለ። ምድጃው ቢሻሻልም መንደሩ ውስጥ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ጎረቤት በማገዶ ያበስላል፣ ጭሱም አጥር አያውቅም። ከዚያ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ነፍሰ ጡሮች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት መጣ። ግማሾቹ ጋዝ ምድጃና ጋዙ በነፃ ተሰጣቸው። የሚስቡት ደቃቅ ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ70 ወደ 24 ማይክሮግራም ገደማ ወረደ። የሕፃናቱ የልደት ክብደትም የሳንባ ምቹም ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲህ ጭሱ ችግር አይደለም ማለት ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። ጭስ የሚስቡ ሕፃናት በሳንባ ምች እንደሚጠቁ የሚያሳየው ማስረጃ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ከውጤቶቹ ብዙ ተመራማሪዎች የወሰዱት ትምህርት ሌላ ነው። በመጠንና በጉዳት መካከል ያለው ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ጉዳቱ ከታች፣ ገና በትንሹ መጠን ላይ ነው በፍጥነት የሚወጣው። ከዚያ በላይ ግን ይለዝባል። ስለዚህ ከብዙ ወደ መካከለኛ መውረድ ትንሽ ያተርፋል፤ ትልቁ ትርፍ ያለው ከትንሽ ወደ ምንም ሲወረድ ነው። በልብ ሕመም ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል፤ በቀን አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ያለበት ተጨማሪ አደጋ 20 የሚያጨሰው ካለበት ግማሽ ገደማ ይደርሳል። የሳንባ ካንሰር ለየት ይላል፤ እሱ ከመጠኑና ከዓመታቱ ጋር ተመጣጥኖ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የዓመቱን አማካይ የደቃቅ ብናኝ ገደብ ወደ 5 ማይክሮግራም ያወረደውም በትንሹ መጠን የሚደርሰውን ጉዳት አይቶ ነው።

ሙሉ በሙሉ ማቆም ግን ይሠራል፤ ይህም በደንብ ተለክቷል። ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቻቸው ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምረው 34 ሺህ ገደማ ወንድ የብሪታንያ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታተሉ። ዕድሜ ልክ ያጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው ሞቱ። በ60 ዓመታቸው ያቆሙት 3 ዓመት አተረፉ፤ በ50 ያቆሙት 6፣ በ40 ያቆሙት 9፣ በ30 ያቆሙት ደግሞ አሥሩንም ማለት ይቻላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ያቆሙ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ጉዳት ያልደረሰባቸው ሕዋሳት እንደሚበዙ አሳየ። አሁንም ከሚያጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ እስከ አራት እጥፍ ናቸው። ከአደጋው ተሸሽገው የቆዩ ሕዋሳት ጭሱ ሲቆም የተጎዱትን ቦታ ይይዛሉ። የፈረሰው የአየር ከረጢት ተመልሶ አይሠራም። የቱቦው ሽፋን ግን ይታደሳል።

አዳማ ላይ ምን ይደረግ?

ከሐኪም ክፍል እንጀምር። ሳል አልለቅ ያለው ሰው ሲመጣ ስለ ሲጋራ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። በምን እንደሚያበስል፣ ከሰሉ የት እንደሚነድ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ይጠየቅ። የትንፋሽን ኃይል የሚለካው ስፓይሮሜትር የሚባል መሣሪያ አለ፤ በሽተኛው በኃይል እንዲተነፍስበት ነው የሚደረገው። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ በመጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ይደረጋል፤ ትክክልም ነው። ቲቢ የለም ከተባለ በኋላ ግን ሰውየው ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ትንፋሽ ምርመራ ቢላክ መልካም ነው። ታማሚዎችም ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ቡና የምታፈሉ እህቶች፣ ፌስታል ለማቀጣጠያ አትጠቀሙ። ፌስታል ሲቃጠል የሚወጣው ከከሰሉ የባሰ ነው። ደረቅ ጭራሮ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይሻላል። ምድጃውን ከሰው ራቅ አድርጋችሁ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ለኩሱት። ከሰሉ እስኪፍም ድረስ ልጅ አትዘሉ። የአዳማ ነፋስ አቧራ ያነሳል ብለን የምናማርረው ቢሆንም በዚህ ጊዜ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ግን መቀነስ ነው፤ ከላይ ያልኩትን ደግሞ ረስቼ አይደለም። እውነተኛው መፍትሔ ከሰሉን የሚተካ ነገር ነው፤ እሱም መብራት ነው። ሴቶቹ ኤሌክትሪክ ምድጃን ጠልተውት አይደለም። መንገድ ዳር ሶኬት የለም፤ ያለበት ቦታም መብራቱ በመሃል ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ነገር የእነሱ ልማድ አድርጎ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ከከተማዋ ዳር በነፋስ ኃይል የሚመነጭ መብራት አለን፤ አዳማ አንድና ሁለት በጠቅላላው 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከተማው ለጥቃቅንና አነስተኛ ሥራ ሼድ ሲሠራ፣ ወይም ለቡና የሚሆን የመንገድ ዳር ቦታ ሲሰጥ፣ ቆጣሪና ሶኬት አብሮ ቢገባ ቡናው በኤሌክትሪክ ይፈላል። መጀመሪያ ተሳቢ በብዛት በሚያልፍባቸው መንገዶች ዳር ያሉት ይቅደሙ፤ ሁለቱንም ጭስ በአንድ ጊዜ የሚስቡት እነሱ ናቸውና።